ከኮፈኑ ሥር የሚበረታው ቀለም የቱ ነው?

የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ውስጡን ለማስቀባት ያሰበ ሰው ቀለም ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ሙቀት ነው። ሻጩም ከመደርደሪያው «650 ዲግሪ ይችላል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጣሳ አውርዶ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጥንካሬውም ትልቅ ይመስላል። ክረምቱ አልፎ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ቀለሙ በባትሪው ዙሪያ አብጦ፣ በፍሬን ዘይት ዕቃው ሥር ተልጦ፣ ቤንዚን የነካው ጨርቅ ሲያልፍበት ሙልጭ ብሎ እየለቀቀ ይገኛል። ሻጩ አልዋሸም፤ ቀለሙ በእርግጥ 650 ዲግሪ ይችላል። የተቀባበት ቦታ ግን ያን ሙቀት አይቶት አያውቅም። ያየው ሌላ ጠላት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለሞተር ክፍል የሚቀርቡትን የቀለም ዓይነቶች እያነሣሁ የትኛው የት እንደሚበረታ እመዝናለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከኮፈን ሥር ላለው ሁሉ የሚሆን አንድ ቀለም የለም። ለቆርቆሮው ግድግዳ ሃርድነር የሚቀላቀልበት ቀለም፣ ለሞተሩ ለራሱ የሞተር ኤናሜል፣ ለጭስ ማውጫው የሲሊኮን ቀለም ያስፈልጋል። ከሦስቱም የሚቀድመው እጥበቱ ነው።

ጥያቄው ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ክብደት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት እንድታገለግል ይፈለጋል። አሮጌ መኪና ማቆየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዲኤክስና ቮልስ በየቤቱ ከልጆች ጋር አብረው አድገዋል። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ የበሰበሰ አካል ግን በቀላሉ አይመለስም። ከኮፈኑ ሥር ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ጌጥ አይደለም። በብዙ መኪኖች የፊት አሞርዛተሮች አናታቸው የሚታሰረው በዚያ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ የፍሬን ማስተሩ የተሰቀለው ሞተሩን ከሾፌሩ በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። ዝገቱ እዚያ ከደረሰ ነገሩ የውበት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሙቀቱን በቁጥር እንየው። ቴርሞስታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይከፈታል፤ የጤነኛ ሞተር ውኃ ከ85 እስከ 105 ዲግሪ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለያዘው ነው፤ ክዳኑ የላላበት መኪና ትኩስ ውኃውን የሚተፋው በአዲሱ ቀለም ላይ ነው። የሞኖብሎኩ ገጽ ከውኃው ሙቀት ብዙ አይርቅም፤ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ቢሆን ነው። የፓራፋንጎው የውስጥ ገጽ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ለጭስ ማውጫው ካልቀረበ በቀር 100 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በቤንዚን ሞተር ከ400 እስከ 700 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ከባድ ዳገት ሲወጣ ብረቱ ቀልቶ እስኪታይ ይግላል።

አሁን ባለ 650 ዲግሪው ቀለም ፓራፋንጎ ላይ ለምን እንደሚከዳ መረዳት ይቻላል። ለከፍተኛ ሙቀት የሚሠራው ቀለም የሚያያይዘው ሙጫ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን በአየር ቢደርቅም ገና አልጠነከረም። እውነተኛ ጥንካሬውን የሚያገኘው 200 ዲግሪ አካባቢ ለተወሰነ ጊዜ ሲጋገር ነው። ማኒፎልድ ላይ ከተቀባ ሞተሩ ራሱ ይጋግረዋል። ፓራፋንጎ ላይ ከተቀባ ግን ያን ሙቀት መቼም ስለማያገኝ ዕድሜውን ሙሉ ጥሬ ሆኖ ይኖራል፤ ዘይት ይመጠዋል፣ ቤንዚን ያጥበዋል፣ ጥፍር ይፍቀዋል። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር ቀለሙ እስከ ስንት ዲግሪ ሳይቃጠል እንደሚቆይ ብቻ ይናገራል። ኬሚካል ስለ መቋቋሙ አንዳች አይልም።

ፋብሪካው ራሱ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይጠቅማል። የመኪናው አካል ገና ባዶ ቆርቆሮ ሳለ በቀለም ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙ ወደ ብረቱ ተስቦ ብሩሽም ሆነ መርጫ የማይደርስበት ጥግ ድረስ ይለጠፋል። ይህን ዘዴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለመኪና ሥራ ካዋሉት ቀዳሚዎቹ መካከል ፎርድ አንዱ ነው። ውፍረቱ 20 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ይጋገራል። ከላዩ የሚቀባው ከበሩና ከጣሪያው ቀለም ያልተለየ ነው፤ እንዲያውም ብዙ አምራቾች የሞተሩ ክፍል ውስጥ ያሳሱታል፣ የሚያንጸባርቀውን የላይ ሽፋንም ይተዉታል። ይህ ስስ ቀለም ነው እንግዲህ ብዙ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚቆየው። ስለዚህ ጤነኛ የፋብሪካ ቀለም ያለውን የሞተር ክፍል «ይታደስ» ብሎ እስከ ብረቱ መግፈፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ማንኛውም ጋራዥ ያን የተነከረ ሽፋን መልሶ ሊሠራው አይችልም። ጤነኛው ታጥቦ፣ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ከላዩ ይቀባበት፤ የሚገፈፈው የዛገው ብቻ ይሁን።

ወደ ጠላቶቹ እንምጣ። ከሁሉ የከፋው የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት፣ አብዛኞቻችን የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች፣ ከግላይኮል ኤተር የሚሠሩ በመሆናቸው ቀለምን እንደ ቀለም መግፈፊያ ያነሡታል። ከፍሬን ማስተሩ ሥር ያለው ግድግዳ በየመኪናው ተልጦና ዝጎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፈሳሹ አንድ ደግ ጠባይ አለው፦ በውኃ ይሟሟል። የፈሰሰ እንደሆነ በጨርቅ ከመጥረግ ይልቅ ወዲያው ብዙ ውኃ ማፍሰስ ይሻላል። ለብዙ ቀን ሲንጠባጠብበት የሚችለው ቀለም የለም፤ ስለዚህ የሚያፈስ ፍሬን ማስተር ሳይጠገን አዲስ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው የባትሪ አሲድ ነው። በባትሪው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሶው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከክዳኑ በሚወጣው እንፋሎትና ጠብታ መቀመጫውን ይበላል፤ ነጭና ሰማያዊ ዱቄት የሚመስለው ነገር የሥራው ምልክት ነው። ቀጥሎ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ቤንዚን ይመጣሉ። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አለ፤ የልብስ ሳሙና ዱቄትና ኮስቲክ ሶዳ የገባበት የሞተር ማጠቢያ ነው። እንዲህ ያለው ኃይለኛ ማጠቢያ ተራውን የዘይት ኤናሜል ቀስ በቀስ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። መኪናውን በየሳምንቱ እያሳጠበ «ቀለሙ ደበዘዘብኝ» የሚል ሰው ምክንያቱን ከማጠቢያው ባልዲ ቢፈልግ ያገኘዋል።

አሁን ቀለሞቹን እንመዝን። ናይትሮ የምንለው ቀለም የመኪና ቀለም ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ ሲያወጣ የሚጠቀመው ከሬንጅ ነክ ነገር የተሠራ የሚጋገር ጥቁር ቀለም ነበር። በ1923 ዱፖንት ዱኮ የተባለውን ናይትሮ ሴሉሎስ አወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስም ኦክላንድ በተባለው መኪናው ላይ ቀብቶ ለገበያ አቀረበው። በፍጥነት ስለሚደርቅ የመኪና ሥራን ከሳምንታት ወደ ቀናት አሳጠረ። ያ ፍጥነት ዛሬም በየጋራዡ ያስወድደዋል። ነገር ግን ናይትሮ የሚደርቀው ቲነሩ በኖ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ በውስጡ ምንም ኬሚካላዊ ትስስር አይፈጠርም። ስለዚህ ቲነር ወይም የፍሬን ዘይት ሲነካው መልሶ ይቀልጣል። ለሞተር ክፍል አይሆንም።

የዘይት ኤናሜል፣ ማለትም ለበርና ለአጥር ብረት የምንገዛው ሲንቴቲክ ቀለም፣ ከናይትሮ በእጅጉ ይሻላል። ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ቀስ እያለ ስለሚጠነክር ትኩስ የሞተር ዘይትን በደንብ ይችላል፤ አሮጌ ትራክተሮችና ጄነሬተሮች ለአሥርት ዓመታት የኖሩት በእሱ ነው። በብሩሽ ይቀባል፣ በየአገር ውስጥ ፋብሪካው ይመረታል፣ ዋጋውም አይከብድም። ድካሙ ሦስት ነው፦ የፍሬን ዘይት ያነሣዋል፣ ኃይለኛ ማጠቢያ ያዳክመዋል፣ ነጩ በሙቀት ቢጫ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክርም ሳምንታት ይወስዳል። ገንዘብም መርጫም ለሌለው ሰው ግን የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም፤ ከሥሩ ጥሩ ፕራይመር እስካለ ድረስ።

ኤፖክሲ ፕራይመርን ለብቻው ማንሣት ይገባል፣ ምክንያቱም እኔ የምሠራው የሞተር ክፍል ቢሆንና ለአንድ ጣሳ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረኝ የምገዛው እሱን ነው። ሁለት ጣሳ ሆኖ ይመጣል፤ ሲቀላቀል እርስ በርሱ ይተሳሰርና ወደ ኋላ የማይመለስ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ባዶ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፣ ውኃ አያሳልፍም፣ ዘይትና ነዳጅ ብዙም አይጎዱትም። ዋናው ድክመቱ ፀሐይ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው እንደ ጠመኔ ይበናል። ከኮፈን ሥር ደግሞ ፀሐይ የለም። በገበያችን ዝገት መከላከያ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ቀይ ወይም ግራጫ አንቲረስት ብዙ ጊዜ ከዘይት ኤናሜሉ ወገን ነው፤ ስሙ ዝገት መከላከያ ቢሆንም ሥራው ከኤፖክሲ ጋር አይቀራረብም። ስትገዙ ሃርድነሩ አብሮ መኖሩን እዩ።

ከላይ ለሚቀባው፣ ለቆርቆሮው ግድግዳ የማስቀድመው ሃርድነር የሚገባበትን ፖሊዩሬቴን ነው፤ ቀቢዎች ቱኬ የሚሉት። መሠረቱን የጣለው ጀርመናዊው ኦቶ ባየር በ1937 (እ.ኤ.አ.) ነው። የዛሬ የመኪና ቀለም ሥራ የቆመው በዚህ ወገን ላይ ነው። ከተሳሰረ በኋላ ቤንዚን አያቀልጠውም፣ 120 ዲግሪ አያስጨንቀውም፣ የፍሬን ዘይትም ቢፈስበት ለማጠብ ጊዜ ይሰጣል። አንድ ንብርብር የሆነውን፣ በራሱ የሚያንጸባርቀውን እመርጣለሁ። የቀለምና የክሊር ሁለት ንብርብር ለበር ውበት ይሆናል፤ ቁልፍ በሚወድቅበት፣ ቱቦ በሚፋተግበት ቦታ ግን ክሊሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ ዘይት በጠርዙ እየገባ ይልጠዋል።

በሌሎቹ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የሚጋገረው የዱቄት ቀለም እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ምድጃ ስለሚፈልግ ተፈትተው ለሚወጡ የብረት ዕቃዎች ብቻ ነው፦ ለባትሪ መቀመጫ፣ ለሞተር ማሰሪያ ብረት፣ ለቴስታታ ክዳን። ከአየር እርጥበት የሚደርቀው የአሜሪካኖቹ ፖር 15 ዝገትን በመያዝ ስሙ የተነሣ ነው፤ በለሰለሰ ንጹሕ ብረት ላይ ግን ይላላል። ከመኪና ሥር የሚረጨው ሬንጅ በፍጹም ወደ ሞተር ክፍል አይግባ፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ እሳትም ይይዛል። የብር ቀለም የሚባለው አልሙኒየም ቅብ ለጊዜው ያምራል፣ በቤንዚን ጨርቅ ግን ይጠረጋል።

ሞተሩ ለራሱ፣ ማለትም የብረት ሞኖብሎኩ፣ ለሞተር ተብሎ የተሠራ ኤናሜል ይበቃዋል። 150 ወይም 250 ዲግሪ የሚችል፣ በስሱ ሁለት ጊዜ የተቀባ። ወፍራም ቀለም ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ሙቀትንም ያፍናል። ይህ በተለይ ለቮልስ ባለቤቶች ይነገር፦ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሲሊንደሩ ክንፎች ሙቀቱን የሚለቁት በገጻቸው ነው፣ ቀለም አይቀቡ። ጥቁር የሚያንጸባርቅ ቀለም የሚቀባው ዙሪያውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ነው። ራዲያተርም ቢቀባ በጣም በስሱ ይሁን፤ የተደፈነ ክንፍ አየር አያሳልፍም። አልሙኒየም ቴስታታና የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ግን ታጥበው ባዶአቸውን ቢቀሩ ይመረጣል፤ ለአልሙኒየም የሚሆነው ልዩ ፕራይመር ካልቀደመው ቀለም እየተቆራረሰ ይወድቃል።

ለጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ያ ባለ 650 ዲግሪ ጣሳ አሁን ቦታውን ያገኛል። ብረቱ ዝገቱ እስኪያልቅ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ፤ ያለ ፕራይመር በስሱ ይቀባ፤ ከዚያ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይነሣና ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ደግሞ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይነሣ። በመጀመሪያው ቀን ጭስና ሽታ ይኖራል፤ መጋገሩ ነው። ተራ ፕራይመር ከሥሩ ከገባ ተቃጥሎ ሁሉንም ይዞት ይወርዳል።

አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አዲስ መጨመር አደጋ አለው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ናይትሮ ቲነር የነካው ጨርቅ ጥግ ላይ ይታሸት። ቀለሙ ቀልጦ ጨርቁን ካቀለመው ናይትሮ ወይም አክሪሊክ ላከር ነው። ከተሸበሸበና ካበጠ የዘይት ኤናሜል ነው። ምንም ካልሆነ የፋብሪካ ቀለም ወይም ሃርድነር ያለው ነው። በኤናሜል ላይ ናይትሮ መርጨት ከሥር ያለውን ያነሣዋል፤ ሃርድነር ያለው ቀለምም ገና ያልጠነከረ ኤናሜል ላይ ሲረጭ እንዲሁ ያደርጋል። የቀለጠው ወይም ያበጠው ይገፈፍ፤ ያልተነካው ይለስልስና ይቀባ።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ከቀለም ምርጫው ይበልጣል። በጋራዦቻችን ሞተር የሚታጠበው በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ነው። ጭቃና ግሪስ ለማንሣት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በብረቱ ላይ የማይታይ የዘይት ንጣፍ ትቶ ይሄዳል። ቀቢው የብርጭቆ ወረቀቱን በዚያ ላይ ሲያሽ ዘይቱን ወደ ብረቱ ጭረት ያስገባዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ በናፍጣ የታጠበው በሳሙናና በሙቅ ውኃ እንደገና ይታጠብ፣ በብዙ ውኃ ይለቅለቅ፣ ሲደርቅ በቅባት ማስወገጃ ፈሳሽ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከመፈተጉ በኋላም ደግሞ ይጠረግ። ንጽሕናውን ለማወቅ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት፤ ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ መስታወት ተዘርግቶ ከቆየ ቅባት የለም፤ ተሰብስቦ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ገና ነው። ይህን ፈተና ማንም ባለ መኪና ቆሞ ሊያይ ይችላል፤ የቀቢውን ጥራት ለማወቅም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ሲሊኮን ያለባቸው የዳሽቦርድና የጎማ ማብረቂያዎች ለዚህ ሥራ ጠንቅ ናቸው። ብናኛቸው ብረቱ ላይ ካረፈ ቀለሙ በየቦታው ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። የባትሪው መቀመጫ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፦ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ተበጥብጦ አረፋው እስኪቆም ይፍሰስበት፣ ይታጠብ፣ ዝገቱ ይፈተግ። ጉድጓዶቹ ውስጥ ለቀረው ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማስለቀቂያ ይረዳል፤ ግን አሲዱ በደንብ ሳይታጠብ ኤፖክሲ ከተቀባ ሃርድነሩን ያበላሸዋል። ለባዶ ብረት 180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ከላይኛው ቀለም በፊት ለፕራይመሩ 320 ወይም 400 ተስማሚ ነው። ስቱኮ ከኮፈን ሥር ባይገባ እመርጣለሁ፤ የተበሳ ቆርቆሮ ተቆርጦ ይበየድ እንጂ በስቱኮ አይደፈን።

የማይቀቡ ነገሮች አሉ። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍነው ይጠበቁ፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለሊብሬ ዝውውር በግልጽ መነበብ አለባቸው፣ የተደፈነ ቁጥር ደግሞ ጥርጣሬ ያስነሣል። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ብረት ሆኖ ይቆይ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ መብራት መድከምና የማይነሣ ሞተር ከዚያ ይጀምራሉ። ዲናሞው፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ የአየር ማስገቢያው፣ የላስቲክ ቱቦዎቹና ሽቦዎቹ በፕላስቲክ ይሸፈኑ። እንዲያውም ሥራው ሙሉ የሚሆነው ሞተሩ ለእድሳት ሲወርድ ነው። ሞተሩ ተቀምጦ የሚረጭ ቀለም የሚደርሰው ዓይን በሚያየው ላይ ብቻ ነው፤ ዝገት ደግሞ ዓይን የማያየውን ይወዳል።

ስለ ቀለሙ መልክ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፣ አንድ ምክር ብቻ አለኝ። ጥቁር አትምረጡ። በነጣ ያለ ግራጫ ወይም በመኪናው በራሱ ቀለም ላይ የዘይት ልቅቃት በመጀመሪያው ጠብታ ይታያል፤ በጥቁር ላይ ጓርኒሲዮኑ ከተበላ ወራት ካለፈው በኋላ ነው የሚታወቀው። የሚያንጸባርቀውም ከደብዛዛው ይሻላል፤ ለስላሳ ገጽ ግሪስ አይዝም።

ጊዜውም ይመረጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ናይትሮ ነጭ ጭጋግ ያወጣል፣ ፖሊዩሬቴን ከውኃ ጋር ተገናኝቶ አረፋ ይሠራል። የተለመደው ደንብ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ብረቱም ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ የላቀ እንዲሆን ነው። በጋውም የራሱ ችግር አለው፤ በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ኤፖክሲ መጠንከሩን ያቆማል። ፀሐይ ብረቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም ጀምሮ ቀብቶ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ማስያዝ ጥሩ ነው። በድሬዳዋና በሰመራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ካልተጨመረ ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳይዘረጋ ይደርቃል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ዘመድ ያላችሁ፣ ሃርድነሩ ከታች ተጭኖ የሚለቀቅበት የስፕሬይ ጣሳ እዚያ በቀላሉ እንደሚገኝ ሰምታችሁ ይሆናል። በሻንጣ አምጡልኝ አትበሉ፤ ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይ በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ የተከለከለ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከመኪናው ይልቅ የሚቀባውን ሰው ይመለከታል፣ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ከፍ አድርጌ ያመሰገንሁት ፖሊዩሬቴን ሃርድነሩ አይሶሳያኔት ነው። ሲረጭ የሚፈጠረው ጉም ወደ ሳንባ ሲገባ አስም ያመጣል፤ በቀለም ሥራ ላይ ለሚይዝ አስም ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሰውነቱ አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ብዙዎች ሙያውን ጥለው የሚወጡት ለዚህ ነው። አደገኛነቱ የሚከፋው በማሽተት የሚታወቅ ባለመሆኑ ነው፤ የሚሸተው ቲነሩ ነው። በየጋራዡ የምናየው አፍና አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ሻሽ ወይም እርጥብ ጨርቅ ምንም አይከላከልም። የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል እንኳ መቼ እንደሞላ አይናገርም። ትክክለኛው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል ነው፣ ከጓንትና ከመነጽር ጋር። ቀለም የሚበጠብጠው ረዳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ የሆነው፣ ያው ጥበቃ ይገባዋል። አሮጌ መኪና ሲፈተግም እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለም ብናኝ ሊነሣ ስለሚችል በደረቁ ከመፋቅ ይልቅ በውኃ እያራሱ ማሸት ይሻላል። ኢትዮጵያ በአዲስ ቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ በደንብ ከልክላለች፤ ከደንቡ በፊት የተቀባው ግን ዛሬም በየኮፈኑ ሥር አለ።

ስለዚህ መኪናችሁን ለቀለም ስትሰጡ የቀለሙን ዓይነትና ዋጋውን ከጠየቃችሁ በኋላ ቀቢው ምን ለብሶ እንደሚረጭ ጠይቁ። ንጹሕ አየር የሚያደርስ ጭንብል ያለው ከሆነ ኤፖክሲ ፕራይመርና ፖሊዩሬቴን አስረጩ። ከሌለው ሃርድነር ያለውን የላይ ቀለም ተዉት፤ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ጓንት አስደርጋችሁ፣ ኤፖክሲውን በብሩሽ፣ ከላዩም ጥሩ የዘይት ኤናሜል በብሩሽ አስቀቡ። ትንሽ የብሩሽ ጭረት ይታያል፤ መኪናውም ሰውየውም ግን ብዙ ዓመት ይቆያሉ።